የድሮ ማውንቴን ብስክሌት ፍሬን ማሻሻል፦ ከካንቲሌቨር ወደ ቪ ፍሬን

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያወርደውን አስፋልት በብስክሌት የወረደ ሰው የፍሬንን ጥቅም ሌላ ሰው እንዲነግረው አያስፈልገውም። በሐምሌ አንድ ማለዳ፣ ካፊያው ገና ሳያባራ፣ አሮጌዋን ማውንቴን ብስክሌቴን ይዤ እየወረድኩ ሁለቱንም የፍሬን እጀታዎች እስከ መሪው ድረስ ጨበጥኳቸው። ብስክሌቷ ፍጥነት መቀነስ የጀመረችው በጣም ዘግይታ ነበር። ማገዶ ተሸክመው ጎንበስ ብለው ከሚወርዱ አንዲት እናት አጠገብ ክንድ በማይሞላ ርቀት አለፍኩ፤ ከዚያ በመንገዱ ዳር ጠጠር ላይ እግሬን እየጎተትኩ ቆምኩ። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና "እግዜር አተረፈህ ልጄ" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ ያልወጣው የእሳቸው ሸክምና የእኔ መሪ ምን ያህል ተቀራርበው እንደነበር ነው።

በዚያው ሳምንት ፍሬኑን ለመቀየር ተነሣሁ፤ የመጀመሪያው ሙከራዬም ስህተት ነበር። ቸርኬውን፣ ማለትም ጎማው የሚገጠምበትን ክብ ቀለበት፣ የሚጨብጡትን ክንዶች ብቻ በአዲስ የቪ ክንዶች ቀይሬ አሮጌዎቹን እጀታዎች እንደነበሩ ተውኳቸው። ሸራዎቹ ከቸርኬው በቂ ርቀት እንዲኖራቸው ሳደርግ እጀታው ፍሬኑ ሳይነክስ መሪው ላይ ያርፋል፤ ሳቀርባቸው ደግሞ ቸርኬው ትንሽ እንደተወዛወዘ ይታከካል። ምክንያቱን የተረዳሁት ካበላሸሁት በኋላ ነው። ፍሬን ከጣት እስከ ቸርኬ ድረስ አንድ ሥራ ነው። እጀታው፣ ካቦው (እጀታው የሚስበው ሽቦ)፣ የካቦው ሽፋን፣ ክንዱና ሸራው እርስ በርሳቸው የሚስማሙ ካልሆኑ የቱንም ያህል ውድ ዕቃ ቢገዙ አይረዳም። ይህ መመሪያ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

አንድ ቃል አስቀድሜ ላጥራ። እዚህ ላይ ሸራ ስል ቸርኬውን የሚይዘውን የፍሬን ላስቲክ ማለቴ ነው፤ ጎማ ስል መንገዱን የሚረግጠውን፣ አንዳንዴም ከነቸርኬው ሙሉውን።

ብስክሌትዎ ላይ ያለው ፍሬን የትኛው ነው?

ከፊት ጎማ ፊት ቆመው የፊቱን ሹካ ይመልከቱ። በሹካው ሁለት እግሮች ላይ፣ ከቸርኬው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ፊት የወጡ ሁለት አጫጭር ምሰሶዎች ያያሉ። የፍሬኑ ክንዶች የሚታሰሩት በእነዚህ ላይ ነው። ክንዶቹ አጠር ብለው ወደ ጎን የተዘረጉ ከሆኑና ከመሪው ሥር የሚወርደው ካቦ መሐል ላይ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ድንኳን ጫፍ ሦስት ማዕዘን ከሠራ፣ ያለዎት ካንቲሌቨር ነው። ክንዶቹ ረጃጅምና ወደ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ ከሆኑ፣ ካቦውም ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው በአግድም የሚያልፍ ከሆነ ቪ ፍሬን ነው። ይህ ካለዎት ከታች ስለ ካቦና ስለ ሸራ የተጻፈውን ብቻ ይጠቀሙበት፤ አብዛኛው ችግር የሚፈታው በዚያ ነው።

የጃፓኑ ሺማኖ ኩባንያ ቪ ብሬክ በሚል ስያሜ ይህን ፍሬን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ማውንቴን ብስክሌቶች አብዛኞቹ ካንቲሌቨር አላቸው። ሁለቱም የሚታሰሩት በተመሳሳይ ዓይነት ምሰሶ ላይ ስለሆነ ለውጡ ያለ ብየዳና ያለ ልዩ ማሽን ይከናወናል። የአሮጌ ብስክሌት ባለቤት ትልቅ ዕድል ይህ ነው።

ሁሉም አሮጌ ብስክሌት ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በተሠሩ አንዳንድ ብስክሌቶች ላይ የኋላው ፍሬን ከፔዳሉ ጀርባ፣ በታችኛው የቴላዮ (የብስክሌቱ አካል) ቱቦ ላይ ይገኛል፤ ዩ ፍሬን ይባላል። የእሱ ምሰሶዎች ከቸርኬው በላይ ስለሆኑ ቪ ፍሬን አይቀበሉም። እንዲህ ያለ ብስክሌት ካለዎት የፊቱን ወደ ቪ ይቀይሩና ለኋላው አዲስ ሸራና አዲስ ካቦ ያስገቡ። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለውንም ርቀት ይለኩ። በተለመዱት ቴላዮዎች ላይ ከመሐል እስከ መሐል 80 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚህ ብዙ የሚጠብ ከሆነ ክንዶቹ ሸራው ቸርኬውን በሚነካበት ጊዜ ወደ ውጭ ያዘነብላሉ፤ ቀጫጭን ሮንዴላ በመጠቀም መጠነኛውን ጥበት ማስተካከል ይቻላል።

ከዚያ ማግኔት ያምጡና ወደ ቸርኬው ያስጠጉት። ከተጣበቀ ቸርኬዎ ብረት ነው። ኒኬል ወይም ክሮም የተቀባ የብረት ቸርኬ በደረቅ ቀን ይሠራል፤ ሲረጥብ ግን የትኛውም ፍሬን አጥብቆ አይዘውም። እንዲህ ከሆነ ገንዘብዎን መጀመሪያ የአሉሚኒየም ቸርኬ ባለው የፊት ጎማ ላይ ያውሉት። ይህን ስል እያመነታሁ አይደለም፤ በክረምት ለሚነዳ ሰው ከየትኛውም ክንድና እጀታ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው።

እጀታው ለምን አብሮ ይቀየራል?

ቪ ፍሬን ረጅም ክንድ ስላለው ሸራውን ቸርኬው ድረስ ለማድረስ ካንቲሌቨር ከሚፈልገው ሁለት እጥፍ ገደማ የሚሆን የካቦ ርዝመት መሳብ አለበት። ይህን ርዝመት የሚስበው እጀታው ነው። እጀታውን ገልብጠው ቢመለከቱ አንደኛው ነጥብ እጀታው የሚታጠፍበት ፒን፣ ሁለተኛው ደግሞ የካቦው ራስ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በካንቲሌቨር እጀታ አጭር ነው፤ በቪ እጀታ ሰፋ ብሎ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

የካንቲሌቨር እጀታ ከቪ ክንድ ጋር ሲገናኝ በእኔ ላይ የደረሰው ይደርሳል፦ እጀታው ጉዞውን ይጨርስና መሪው ላይ ያርፋል። የቪ እጀታ ከካንቲሌቨር ክንድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ በተቃራኒው እጀታው እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ የጨበጡትን ያህል ቢጨብጡ ፍሬኑ ደካማ ነው። ይህኛው ይበልጥ አታላይ ነው፤ ደረቅ እጀታ ጠንካራ ፍሬን ይመስላልና።

በአንዳንድ ብስክሌቶች ላይ የፍሬን እጀታውና የማርሽ መቀየሪያው በአንድ አካል የተሠሩ ናቸው። እነሱን ሲያወጡ ማርሹም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ወይ ለየብቻ የሆነ የማርሽ መቀየሪያ ይጨምሩ፣ ወይም ሁለቱን በአንድ የያዘ የቪ ዓይነት ይፈልጉ፤ ከኋላው ያሉት የማርሽ ቀለበቶች ብዛት ግን ከመቀየሪያው ቁጥር ጋር መስማማት አለበት። ከመግዛትዎ በፊት ይቁጠሩት።

የሚገዙትና የሚያዘጋጁት

ለአንድ ጎማ ሁለት የቪ ክንዶች ከነሸራቸውና ከነቆልማማ ቱቧቸው ያስፈልጋሉ፤ ቆልማማ ቱቦ የምለው ካቦው ወደ ክንዶቹ ሲገባ የሚጠመዘዝበትን አጭር የብረት ቱቦ ነው። በተጨማሪ የቪ እጀታ፣ የፍሬን ካቦ፣ የካቦ ሽፋንና የሽፋኑን ጫፍ የሚከድኑ ትናንሽ ቆቦች ይግዙ። አቅም የሚፈቅደው አንዱን ብቻ ከሆነ የፊቱን ይቀይሩ። ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው።

ካቦ ሲገዙ ሁለት ነገር ይመልከቱ። የመጀመሪያው የካቦው ራስ ነው። የማውንቴን ብስክሌት ካቦ ራሱ እንደ ትንሽ በርሜል ነው፤ የኮርስ ብስክሌት ካቦ ራስ ግን የእንባ ጠብታ ቅርጽ ስላለው እጀታው ውስጥ በትክክል አይቀመጥም። ሁለተኛውና አደገኛው የካቦው ሽፋን ነው። የፍሬን ሽፋን ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ውስጡ እንደ ሞላ በተጠመዘዘ ሽቦ የተሠራ ነው። የማርሽ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሽቦዎቹ በቁመት የተደረደሩ ናቸው፤ የፍሬን ኃይል ሲያርፍበት ሊተረተር ይችላል። የሚተረተረውም እጀታውን አጥብቀው በጨበጡበት ቅጽበት፣ ማለትም በጣም በሚፈልጉት ሰዓት ነው። ሻጩ "ሁሉም አንድ ነው" ቢልዎት እንኳ ጫፉን አይተው ይግዙ።

ከመሣሪያ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። አሮጌውን ሸራ ለመፍታት 10 ቁልፍ፣ የሞላውን ውጥረት ለማስተካከል ትንሽ ካቻቢቴ ወይም ባለ 2 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ፣ ካቦ ለመቁረጥ ስለታም መቁረጫ፣ ትንሽ ሞረድ፣ ጥሩ የደቀቀ ብርጭቆ ወረቀት፣ ግራሶና አልኮል ይያዙ። ካቦውን በተራ ፒንሳ አይቁረጡት። ጫፉ ይበተናል፤ የተበተነ ካቦ ደግሞ ሽፋኑ ውስጥ አይገባም።

ቸርኬውን መመርመር

ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጎማውን እያሽከረከሩ በአንዱ ሸራ ላይ አተኩረው ይዩ። ቸርኬው ግራና ቀኝ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወዛወዘ መጀመሪያ ራጂዎቹ (ቸርኬውን ከጎማው መሐል ጋር የሚያያይዙት ሽቦዎች) መስተካከል አለባቸው፤ አዲሱ ፍሬን ጠማማ ቸርኬን አያቃናም።

ከዚያ የቀጥታ ማስመሪያ ጠርዝ ሸራው በሚያርፍበት የቸርኬ ጎን ላይ ያሳርፉ። ከማስመሪያው ሥር ብርሃን ካለፈ ጎኑ ተበልቶ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ብዙ ዓመት የተነዳ የአሉሚኒየም ቸርኬ እንዲህ ይሳሳል፤ በጣም ሲሳሳ የጎማው ንፋስ ራሱ ጎኑን ወደ ውጭ ገፍቶ ሊሰነጥቀው ይችላል። አንዳንድ ቸርኬዎች ዙሪያቸውን የሚያልፍ ቀጭን ቦይ አላቸው፤ ቦዩ ከጠፋ ቸርኬው ዘመኑን ጨርሷል ማለት ነው። ጠንካራ ፍሬን በሳሳ ቸርኬ ላይ መግጠም አደጋን ማባባስ ስለሆነ ይህን ሳያረጋግጡ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

አሮጌውን መፍታት፣ ምሰሶውን ማዘጋጀት

ካቦውን ከእጀታው ጀምረው ያውጡ። ክንዶቹን የያዙትን ሁለት ቡሎኖች ይፍቱና ከነሞላቸው ይሳቡ። ከመሪው ሥር የካንቲሌቨሩን ካቦ ይይዝ የነበረ ትንሽ ብረት ይኖራል። በመሪው ዘንግ ላይ እንደ ሮንዴላ ገብቶ ከሆነ ዝም ብለው አያውጡት። ውፍረቱ ከጠፋ መሪው ይላላል፤ ወይ እዚያው ይተዉት፣ ወይም በእኩል ውፍረት ሮንዴላ ይተኩት።

አሁን ምሰሶዎቹ ባዶ ሆነው ይታያሉ። በጣት ይዳስሷቸው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ያንሡ፤ ለማጽዳት ብቻ እንጂ ለማሳነስ አይፈግፍጓቸው። የእኔ ብስክሌት የግራ ምሰሶ ጫፉ ላይ ትንሽ ተከፍቶ እንደ እንጉዳይ ሆኖ ነበር፤ ከዓመታት በፊት ቡሎኑን ከልክ በላይ ያጠበቀው ሰው ያስተረፈው ነው። አዲሱ ክንድ እስከ ግማሽ ገብቶ እንቢ አለ። ጫፉን ብቻ በሞረድ ቀስ ብዬ ካስተካከልኩት በኋላ ክንዱ በራሱ ክብደት ተንሸራትቶ ገባ። የሚፈልጉት ይህንን ነው፦ ክንዱ በምሰሶው ላይ ሳይታገል የሚዞር፣ ግን ወደ ጎን የማይነቀነቅ። ምሰሶው ራሱ ከታጠፈ ወይም ከሥሩ ከተሰነጠቀ ሥራውን እዚህ አቁመው ለባለሙያ ያሳዩ።

በምሰሶው ላይ በስሱ ግራሶ ይቀቡ። ግራሶ የነካ ጣትዎን ግን ወደ ቸርኬው አያስጠጉ።

ክንዶቹን ማሰር

በምሰሶው ሥር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። የክንዱ ሞላ ጫፍ በመካከለኛው ቀዳዳ ይግባ፤ በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ በላይኛው፣ ሌላው በመካከለኛው ከገባ አንዱ ክንድ ሁልጊዜ ቸርኬውን ይደገፋል፤ በኋላ በማስተካከያው ቡሎን ቢታገሉም አይመለስም።

ቡሎኑን አስገብተው ያጥብቁ፤ መጠኑ ከ5 እስከ 7 ኒውተን ሜትር ነው። የሚለካ መፍቻ ከሌለዎት የብሩጎላውን አጭር ጫፍ ቡሎኑ ላይ፣ ረጅሙን በሁለት ጣት ይዘው እስኪጸና ድረስ ይግፉት፤ በሰውነትዎ ክብደት አይጫኑት። ከላይ ያልኩትን እንጉዳይ የሚፈጥረው ያ ነው። ከታሰረ በኋላ ክንዱ በነፃነት መዞር አለበት።

እጀታና ካቦ

አዲሱን እጀታ ከማጥበቅዎ በፊት በብስክሌቱ ላይ እንደሚነዱ ሆነው ይቀመጡ። እጀታው ክንድዎ ከትከሻ ሲወርድ የሚፈጥረውን መስመር ተከትሎ ወደ ፊትና ትንሽ ወደ ታች ያዘንብል። የእጅ አንጓዎ ወደ ላይ ከታጠፈ በረጅም ቁልቁለት ጣቶችዎ ይደነዝዛሉ።

የፊቱ ፍሬን በየትኛው እጅ ነው? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያገለገሉ ብስክሌቶች ከተለያየ አገር ይመጣሉ። በእንግሊዝ የፊቱ ፍሬን በቀኝ እጅ ነው፤ በአሜሪካና በብዙ የአውሮፓ አገሮች በግራ። ሕጉ የእርስዎ ልማድ ነው። እጅዎ በለመደው ጎን ያስሩት፤ በቤት ውስጥ ሌላ የሚነዳ ሰው ካለም ይንገሩት።

የካቦ ሽፋኑን ርዝመት ሲወስኑ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው ያዙሩት። ሽፋኑ ሳይወጠር መድረስ አለበት፤ ከሚገባው በላይ ከረዘመ ደግሞ ትልቅ ቀለበት ሠርቶ ካቦውን ያከብደዋል። ከቆረጡት በኋላ ጫፉን ይመልከቱ፤ ተጨፍልቆ ወይም ሹል ሽቦ ወጥቶበት ከሆነ በሞረድ ቀጥ አድርገው ያስተካክሉ። የውስጡ ላስቲክ ከተዘጋ በመርፌ ይክፈቱት። ይህ አምስት ደቂቃ የሚወስድ ትንሽ ሥራ ነው፤ እጀታው እንደ ቅቤ መሄዱን ወይም መንቀርፈፉን የሚወስነው ግን እሱ ነው። ቆቦቹን በየጫፉ ያድርጉ።

የካቦውን ራስ እጀታው ውስጥ አስቀምጠው ካቦውን በሽፋኑና በቆልማማው ቱቦ ያሳልፉት። በኋላው ፍሬን ካቦው በላይኛው የቴላዮ ቱቦ ላይ በየቦታው ራቁቱን ሊሄድ ይችላል፤ ከመጨረሻው ማረፊያ እስከ ቆልማማው ቱቦ ግን ሽፋን ያስፈልገዋል። ቱቦውን በክንዱ ጎድጓዳ ላይ ያሳርፉ፤ ጥቁሯን ላስቲክ ጭቃ እንዳይገባ አልብሱ፤ ካቦውን በሌላኛው ክንድ ቡሎን ሥር ያሳልፉ። ገና አያጥብቁት።

ሸራው፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚሰጡት

ቸርኬውን በአልኮል በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉ። ጨርቁ ጥቁር መሆኑን እስኪተው ድረስ ይድገሙት። የዓመታት የአሉሚኒየምና የላስቲክ ዱቄት ነው የሚወጣው።

ሸራው አቅጣጫ አለው። ላስቲኩ ተንሸራትቶ የሚገባበት ዓይነት ከሆነ የተዘጋው ጫፍ ወደ ፊት፣ ክፍቱ ወደ ኋላ ይሁን። ቸርኬው ሲያዝ ሸራውን ወደ ፊት ስለሚጎትተው ክፍቱ ፊት ለፊት ከሆነ ላስቲኩ ከነሕይወትዎ ሊወጣ ይችላል። ቀስት ከተሳለበት ቀስቱ ጎማው የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ይከተላል።

ከሸራው ግንድ ላይ ያሉትን ሮንዴላዎች ይመልከቱ። አንዱ ጉብ ያለ፣ ሌላው ጎድጓዳ ሆነው ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ጥንድ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን። ክብ ስለሆኑ ሸራው በየአቅጣጫው እንዲያዘነብል ያስችላሉ። ወፍራሙንና ቀጭኑን በክንዱ ውስጥና ውጭ እያለዋወጡ የሚሞክሩት ለአንድ ዓላማ ነው፦ ሁለቱ ሸራዎች ቸርኬውን ሲነኩ ክንዶቹ ቀጥ ብለው፣ እርስ በርሳቸው ትይዩ ሆነው እንዲቆሙ። ወደ ውስጥ ካዘነበሉ ወፍራሙን ወደ ውስጥ ያምጡ፤ ወደ ውጭ ካዘነበሉ ቀጭኑን።

አሁን በአንድ እጅ ሸራውን ቸርኬው ላይ ይዘው ከፍታውን ይወስኑ። የሸራው የላይ ጠርዝ ከቸርኬው የላይ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ጎማውን በፍጹም መንካት የለበትም፤ የጎማ ጎን ስስ ስለሆነ በአንድ ረጅም ቁልቁለት ሊበላና ሊፈነዳ ይችላል። ወደ ታችም አይጠጋ። የቪም የካንቲሌቨርም ሸራ እየሳሳ በሄደ ቁጥር ወደ ራጂዎቹ በኩል ዝቅ ይላል፤ ከመጀመሪያው ዝቅ ተደርጎ ከታሰረ ከጊዜ በኋላ ከቸርኬው ሥር ሾልኮ ራጂ ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ የሸራው የፊት ጫፍ ከኋላው ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ ያድርጉ። በሸራው የኋላ ጫፍና በቸርኬው መካከል 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የታጠፈ ካርቶን ያስገቡ፤ ሸራውን ተጭነው ዳዶውን ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፤ ካርቶኑን ያውጡ። ፍሬን ሲያዝ እንደ ፍየል የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ ይህ ስላልተደረገ ነው። ሲያጠብቁ ሸራው አብሮ መዞር ይፈልጋል፤ በሌላኛው እጅዎ አጥብቀው ይያዙት። እኔ የመጀመሪያውን ሸራ አራት ጊዜ ፈትቼ አስሬዋለሁ፤ አራተኛው ከሦስቱ ጋር አይወዳደርም። ትዕግሥትዎን ለዚህ ያስቀምጡ።

መወጠርና ማመጣጠን

እጀታው ላይ ያለውን ክብ ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አስገብተው አንድ ዙር ይመልሱት። ሁለቱን ክንዶች በእጅ ጨብጠው ሸራዎቹን ከቸርኬው ያገናኙ፤ ካቦውን ይሳቡ፤ ከዚያ ሁለቱም ሸራዎች ከቸርኬው በአንድ በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል እስኪርቁ ድረስ ትንሽ ይልቀቁና ቡሎኑን ያጥብቁ፤ እሱም ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር። እጀታውን በሙሉ ኃይልዎ አሥር ጊዜ ይጨብጡት። አዲስ ካቦና ሽፋን በቦታቸው ሲረጋጉ ክፍተት ይፈጠራል፤ ካቦውን እንደገና ይወጥሩ። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ትተው ትርፉን ይቁረጡና ጫፉን በቆብ ይክደኑ።

አንዱ ሸራ ቀድሞ ከነካ በክንዱ ጎን ያለውን ትንሽ ቡሎን ይጠቀሙ። ማጥበቅ የዚያን ክንድ ሞላ ስለሚያጠነክር ሸራውን ከቸርኬው ያርቀዋል። ሩብ ዙር ካዞሩ በኋላ እጀታውን ጨብጠው ይልቀቁና ይመልከቱ፤ ለውጡ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ከቤት ሳይወጡ መሞከር

እጀታው በሙሉ ኃይል ሲጨበጥ ከጉዞው ግማሽ አካባቢ ላይ መጽናት አለበት። ወደ መሪው የሚጠጋ ከሆነ ካቦው ልል ነው ወይም ያጠበቁት ቡሎን እያንሸራተተ ነው። ብስክሌቱን በእግር እየሄዱ ይግፉና የፊቱን ብቻ ይያዙ፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ሊነሣ ይገባል። የኋላውን ሲይዙ ደግሞ ጎማው ተይዞ መንሸራተት አለበት።

ከዚያ ሜዳ በሆነ፣ መኪና በሌለበት ቦታ ቀስ ብለው እየነዱ ሃያ ያህል ጊዜ እየያዙ ይልቀቁ። አዲስ ሸራ ቸርኬውን እስኪላመድ ድረስ ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም። ከተላመደ በኋላ ግን ካንቲሌቨር የለመደ እጅ ሊደነግጥ ይችላል። ለአሥር ዓመት በአራት ጣት መጨበጥ የለመደ ሰው በዚያው ኃይል የፊቱን ቢይዝ በመሪው ላይ ተገልብጦ ይወድቃል። በሁለት ጣት ይጀምሩ፤ ሲይዙ ሰውነትዎን ወደ ኋላ ይግፉ። ብስክሌቱን ለልጅዎ ወይም ለወንድምዎ የሚያውሱ ከሆነ ይህን ሳይነግሩ አይስጡ።

ዲስክ ብገጥምስ?

ይህን ጥያቄ ያላነሣልኝ ሰው የለም። ዲስክ ፍሬን በጭቃና በዝናብ የተሻለ ነው፤ ቸርኬውንም አይበላም። ነገር ግን ቴላዮውና ሹካው ከመጀመሪያው ለዲስክ መሠራት አለባቸው። በሹካው የግራ እግር ታችኛ ጫፍ ላይ ሁለት የቡሎን ቀዳዳዎች ካሉ፣ በመካከላቸውም 51 ወይም 74 ሚሊ ሜትር ከለኩ፣ የዲስክ ማሰሪያ አለዎት። በዚያ ላይ ሞዞው (ጎማው የሚሽከረከርበት መሐሉ) ዲስክ የሚቀበል መሆን ስላለበት በአብዛኛው ጎማውን በሙሉ መቀየር ግድ ነው።

ማሰሪያ ከሌለ በያጅ ዘንድ ወስዶ ማስበየድን እቃወማለሁ። ዲስክ የማቆሙን ኃይል በሙሉ በአንድ የሹካ እግር የታችኛ ጫፍ ላይ ይጭናል። ለቸርኬ ፍሬን የተሠራ ሹካ በዚያ ቦታ ላይ ቀጭን ነው፤ የብየዳው ሙቀት ደግሞ ይበልጥ ያዳክመዋል። የሚሰበርበት ቦታ ቁልቁለት ላይ ነው።

ማሰሪያው ካለዎት በካቦ የሚሠራውን ዲስክ እመርጥልዎታለሁ። ለማውንቴን ብስክሌት የተሠራው የካቦ ዲስክ የሚስማማው ከቪ እጀታ ጋር ስለሆነ አሁን የገዙት እጀታ አይባክንም። በዘይት የሚሠራው ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ሺማኖና ማጉራ የማዕድን ዘይት፣ ስራምና ሄይስ በአብዛኛው ዶት የተባለውን የፍሬን ዘይት ይጠቀማሉ፤ አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት የውስጥ ላስቲኮቹን ያበላሻል። መኪና ጋራዥ ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ለሁሉም ብስክሌት ይሆናል ብሎ የሞላ ሰው ፍሬኑን አጥቷል።

በክረምት

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሁሉንም ቡሎኖች በብሩጎላ አንድ ጊዜ ይዳስሱ፤ ካቦውንም በእጀታው ማስተካከያ ይወጥሩት። ከዚያ በኋላ ጠላትዎ ጭቃ ነው። የእንጦጦ ቀይ አፈር ከውሃ ጋር ሲደባለቅ ሸራውና ቸርኬው መካከል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጫል። ከዝናብ ሲመለሱ ቸርኬውን በውሃ ያጥቡት፤ ሸራዎቹን በጣት ይዳስሱ። የሚያብረቀርቅ የብረት ቅንጣት ከተሰካባቸው በመርፌ ነቅለው ያውጡ፤ የመፋጨት ድምፅ የሚያሰማውና ቸርኬውን የሚቦጫጭረው እሱ ነው። በሸራው ላይ የተቀረጹት ቦዮች ሊጠፉ ሲቃረቡ አዲስ ያስገቡ።

በረጠበ ቸርኬ ላይ ፍሬኑ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ፣ ከዚያ መያዝ አለበት፤ እስከዚያ ጎማው ጥቂት ዙር ይሄዳል። ስለዚህ ከኩርባው በፊት እጀታዎቹን በስሱ ነካ አድርገው ቸርኬውን ያድርቁት። እኔ ሽሮ ሜዳ ከመድረሴ በፊት፣ እናቶቹ ማገዷቸውን አውርደው ከሚያርፉበት ዳገት በላይ፣ ሁልጊዜ እንዲህ አደርጋለሁ።